ጠይቁን፦ ገንዘብ ለቸገረው ሰው ካውንስሊንግ ምን ይሰራለታል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ አዘጋጆች። ባለፈው እትማችሁ ላይ ዋጋው የማይከብድ ካውንስሊንግ (የተጨነቀ ሰው ከሰለጠነ ሰው ጋር ተነጋግሮ የሚታገዝበት ነገር) በየሰፈሩ ቢኖር በሀብታምና በደሃ መሃል ያለውን ልዩነት ይቀንሳል ብላችኋል። እኔ በፍጹም አልተዋጠልኝም። ደሃ የቸገረው ገንዘብ ነው እኮ! የቤት ኪራይ ያቃተውን ሰው ቁጭ አርጋችሁ ስለ ስሜቱ ብታወሩት ኪራዩ ይከፈላል? ገንዘቡን በቀጥታ ለምን አትሰጡትም?

መልስ፦ ወንድሜ ንዴትህ ይገባኛል፣ ደግሞ ከጥያቄህ ግማሹ ልክ ነው። ካውንስሊንግ ኪራይ አይከፍልም ደሞዝም አይጨምርም፣ ማንም መጥቶ ለደሃ ምክር ይበቃዋል ቢልህ እንዳትሰማው። ገንዘብ መስጠቱም ራሱ ጭንቀትን ይቀንሳል፣ ይሄ በጥናት የታየ ነገር ነው። ግን ነገሩ በሁለት አቅጣጫ ነው የሚሄደው። ሳይንስ የሚባለው መጽሔት ላይ በ2020 የወጣ ጽሑፍ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ) ከብዙ አገር የተሰበሰቡ ጥናቶችን አይቶ፣ በአንድ አካባቢ ውስጥ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ሰዎች ገቢያቸው ከፍ ካለው ይልቅ በዲፕሬሽን፣ ማለትም በማይለቅ ከባድ ድብርት፣ እና በጭንቀት የመያዝ እድላቸው ከ1.5 እስከ 3 እጥፍ ነው ይላል፣ በዛ ላይ ዲፕሬሽኑ ራሱ ተመልሶ ሰውየውን ከስራ ያወጣዋል። አስበው እስቲ፣ እንቅልፍ ካጣ የሰነበተ ሰው ስራ ፍለጋ ለመውጣት ከአልጋው መነሳት ያቅተዋል፣ የሚሞላውን ፎርም ሳይሞላ ቀኑ ያልፈዋል፣ ከአለቃው ጋር በትንሹ ይጋጫል፣ ከዛ ያቺኑ የነበረችውን ገቢም ያጣታል። ሀብታሙም እኮ ይጨንቀዋል፣ እሱ ግን ሳይውል ሳያድር ከፍሎ ይታከማል፣ ደሃው ግን በሽታው ስር እስኪሰድ ይጠብቃል፣ ከዛም በኋላ ላያገኝ ይችላል። ልዩነቱ የሚሰፋው እዚህ ጋ ነው።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ እኔን ያሳመነኝ እሱ ስለሆነ። ተመራማሪዎች ፓኪስታን ገጠር ውስጥ ነፍሰ ጡር ሆነው ዲፕሬሽን የያዛቸው ወደ 900 የሚሆኑ ሴቶችን ለሁለት ከፈሏቸው። አንደኛዎቹን የመንደሩ ጤና ሰራተኞች፣ ማለትም የአእምሮ ህክምና ያልተማሩ ግን ለዚሁ ስራ አጠር ያለ ስልጠና የወሰዱ ሴቶች፣ ቤታቸው ድረስ እየሄዱ በተወሰነ ዘዴ አነጋገሯቸው፣ ሌሎቹም ቤታቸው ይጎበኙ ነበር ግን ያ ዘዴ የለበትም። ውጤቱ በ2008 ላንሴት የሚባለው የህክምና መጽሔት ላይ ወጣ፣ ህጻኑ 6 ወር ሲሞላው ዲፕሬሽኑ ያልለቀቃቸው ከመጀመሪያዎቹ 23 በመቶ ሲሆኑ ከሌሎቹ ግን 53 በመቶ ነበሩ። እስከዚህ ድረስ የጤና ወሬ ነው፣ ትለኛለህ። ግን ከ7 ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩዋቸው እነዛ በዘዴው የተነጋገሩት ሴቶች በቤታቸው ገንዘብ ላይ የመወሰን አቅማቸው ከሌሎቹ በልጦ ተገኘ፣ ለልጆቻቸው የሚያወጡት ጊዜና ገንዘብም እንደዛው። ማንም ገንዘብ አልሰጣቸውም፣ ያለችውን ገንዘብ ማዘዝ የሚችሉበት አቅም ነው የተመለሰላቸው። ስለዚህ ወይ ገንዘብ ወይ ካውንስሊንግ ብለህ አታምርጠኝ፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ኪራይ ያቃተው ሰው ሲመጣም ጥሩ ካውንስለር ስለ ልጅነቱ አይደለም መጀመሪያ የሚጠይቀው፣ ስለ ኪራዩ ነው፣ ማንን ማናገር እንደሚችል፣ የትኛው እዳ መቅደም እንዳለበት፣ ነገ ጠዋት ምን እንደሚያደርግ አብሮት ይቀምራል።

ጥያቄ፦ እኔና ጓደኞቼ በሰፈራችን ማህበር በኩል ስልጠና ወስደን እንደዚህ አይነት አገልግሎት ልንጀምር ነው። ሳይኮሎጂስት የሆነ ዘመዴ ግን ባለሙያ ያልሆነ ሰው ጉዳት ያደርሳል፣ ለደሃ ሁለተኛ ደረጃ ነገር መስጠት ደግሞ ራሱ መድልዎ ነው አለኝ። ልቤ ተከፈለ።

መልስ፦ እህቴ ዘመድሽ የተናገረው ተራ ነገር አይደለም፣ ግን ተስፋ እንዳትቆርጪ። ዚምባብዌ ሀራሬ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል ሳይካትሪስት (የአእምሮ ሐኪም) እንዲህ ያለውን አገልግሎት በ2006 ስልጠና በወሰዱ 14 ሴት አያቶች ነው የጀመረው፣ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰው ያነጋግራሉ፣ ችግሮቹን ይዘረዝራሉ፣ አንዱን ይመርጣሉ፣ መፍትሄ አውጥተው ሞክረው በሚቀጥለው ሴሽን (ቀጠሮ) ተመልሰው ያዩታል፣ እንዲህ እያሉ እስከ 6 ጊዜ። በ2016 የወጣው ጥናት 573 ሰዎች ነበሩበት፣ ከ6 ወር በኋላ የዲፕሬሽን ምልክት ያልለቀቃቸው አያቶቹ ጋ ከሄዱት 14 በመቶ አካባቢ ሲሆኑ የተለመደውን እርዳታ ካገኙት ግን ግማሽ ያህሉ ነበሩ። ይሄ ሁለተኛ ደረጃ አይባልም።

ሁለተኛ ደረጃ የሚሆነው ስልጠና ሰጥተው ሰውን ብቻውን ሲተዉት ነው። እነዛ ፕሮግራሞች የሰሩት ከኋላቸው ባለሙያ ስለነበረ ነው። እናንተም በየሳምንቱ ሱፐርቪዥን የሚሰጣችሁ፣ ማለትም ስራችሁን አይቶ የሚያርማችሁ ባለሙያ ሳታገኙ በር እንዳትከፍቱ፣ እንደውም ያንን ዘመድሽን ራሱን ጠይቂው፣ የሚያሳስበው ከልቡ ከሆነ እሺ ይላል። ራሱን ሊያጠፋ የሚያስብ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምጽ የሚሰማ፣ ቤት ውስጥ የሚደበደብ ሰው ሲመጣ ለማን እንደምታስተላልፉት ስሙና ስልኩ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ተጽፎ ይቀመጥ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሚስጥር ነው። ሰፈር ማለት ሁሉም የሚተዋወቅበት ቦታ ነው፣ የሰው ጓዳ የሰማ ሰው ነገ እዛው ሰው ጋ ለሰርግ ለለቅሶ ይሄዳል። አንዲት ቃል ከወጣች ማንም ተመልሶ አይመጣም፣ ልክም ናቸው። ስለዚህ የምታውቁትን ሰው አትያዙ፣ ለሌላዋ ስጡ፣ ከተቻለ ከአጎራባች ሰፈር ማህበር ጋር ተቀያየሩ፣ በሩ ላይም የጭንቀት ህክምና ምናምን የሚል ትልቅ ጽሁፍ አትለጥፉ፣ ሌላም ጉዳይ የሚስተናገድበት ቢሮ ውስጥ ቢሆን ሰው ሳይሳቀቅ ይገባል።

አገልግሎት ስለተከፈተ ብቻ ደግሞ ልዩነቱ ይጠፋል ብለሽ እንዳታስቢ። እንግሊዝ ከ2008 ጀምሮ በነጻ፣ ራስን በስልክ አስመዝግቦ የሚገባበት ትልቅ ፕሮግራም አላት፣ እዛም ሆኖ ደሃ በሆኑ አካባቢዎች የሚድነው ሰው መጠን ከሌላው ያነሰ ነው። ከሴሽኑ ወጥቶ የሚመለሰው ወደዛው ኑሮ ነዋ! እና ስለ ስራ፣ ስለ ቤት፣ ስለ እዳ የሚያግዙ ሰዎችን ከጅምሩ ከጎናችሁ አድርጉ።

ጥያቄ፦ እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ እንዲህ ያለውን ነገር በገንዘብ ለማገዝ ፈልጌያለሁ። ተገልጋዩ ይክፈል ወይስ በነጻ ይሁን?

መልስ፦ እግዜር ይስጥልን። እንደ ገቢው ይክፈል፣ የሌለው ዜሮ ይክፈል፣ ግን ደሃ መሆንህን የሚያሳይ ወረቀት አምጣ አይባል፣ እሱ ራሱ ሰውን ከበር ይመልሳል። ደግሞ ዋጋው ክፍያው ብቻ አይደለም፣ ትራንስፖርት አለ፣ የቀን ስራ ትቶ መምጣት አለ፣ ልጅ የሚይዝ ሰው ማጣት አለ። የርስዎ እርዳታ የማታና የቅዳሜ ሰዓት እንዲኖር ቢውል ብዙ ሰው ይደርስበታል። ከሱም በፊት ግን ሰልጥነው ለሚያገለግሉት ሴቶች አበል ይኑር እላለሁ። በጎ ፈቃደኛ እየተባሉ ዓመት ሙሉ በነጻ የሚሰሩት አብዛኞቹ ራሳቸው ገቢ የሌላቸው ሴቶች ናቸው፣ የነሱን ጉልበት በነጻ እየወሰድን ስለ እኩልነት ማውራት አንችልም።