መልስ፦ ጎጂ ቤሪው ለምን ጠቆረ?

እህቴ፣ ደረቁ ጎጂ ቤሪ (ትንሿ ቀይ የቻይና ፍሬ) ጠቁሮ የተጣበቀብሽ እርጥበት ገብቶበት ነው፤ ስኳር ስላለው ቶሎ ይስባል።

ስትገዢ ድምቀቱ አያታልልሽ። ሁሉም ፍሬ አንድ ዓይነት ደማቅ ቀይ ከሆነ በድኝ የታጠነ ወይም ቀለም የተነከረ ሊሆን ይችላል። አሽትቺው፤ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ከሆነ ተይው። የቻይናዋ ኒንግሺያ ጥሩ ፍሬ ጠቆር ያለ ቀይ ነው፤ ከአገዳው የተቀጠፈበት ጫፍ ላይ ነጣ ያለ ነጥብ ይታያል። ቀለም ሲነከር ይሄ ነጥብም ይቀላል፤ እኔ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ለቅለቅ አድርገሽ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፊው፣ ፍሬውንም ብዪው። በቻይና የተለመደው መጠን በቀን ከ6 እስከ 12 ግራም ነው። የተረፈውን በደንብ በሚከደን ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪ፣ እርጥብ ማንኪያ አታስገቢበት።

ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ግን እባክሽ አትስጪ፤ ደም መፍሰስ ሊያስከትል ይችላል።