ሩጫው ጡንቻዬን እየበላው ይሆን?

ጥያቄ፦ ደሴ ነው የምኖረው። በሳምንት አምስት ቀን ንጋት ላይ የጦሳን ተራራ ሮጬ ወጥቼ ሮጬ እወርዳለሁ፤ ማታ ጂም እገባለሁ። በሁለት ወር ከ82 ወደ 74 ኪሎ ወርጃለሁ። ግን ክንዴ ሰለለ፣ ስኳት (ብረት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ) ላይ የምሸከመው ብረትም ቀነሰ። ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። ሩጫውን ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት። እግርዎን ያደከመው ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ነው። ሮጠው ሲወርዱ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ የሰውነትዎን ክብደት ይገታል፤ የጡንቻ ክሮችን አብዝቶ የሚጎዳው ይህ ነው። ሕመሙ የሚብሰው ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ስለሆነ በየማግስቱ ከደገሙት እግርዎ ሳያገግም ስኳት ይገባሉ። ዳገቱን ይሩጡ፣ ቁልቁለቱን ይራመዱ።

አምስቱን ቀንም ሦስት ያድርጉት። ሁለቱን ቀን ከ30 እስከ 40 ደቂቃ፣ ትንፋሽ ሳያጥርዎ ማውራት በሚችሉበት ፍጥነት ይሩጡ። በሦስተኛው 30 ሰከንድ ሽቅብ በኃይል፣ ከዚያ 2 ደቂቃ እየተራመዱ መውረድ፤ ይህን ከ6 እስከ 8 ጊዜ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ለቆላ ሰው በወጣ ሰዓት ራስዎን አይለኩ። ይህ የሦስተኛው ቀን ሩጫ እግር በብረት ከሚሠሩበት ቀን ቢያንስ በ24 ሰዓት ይራቅ። በሌሎቹ ቀናት ጠዋት ሮጦ ማታ ብረት መሥራት ችግር የለውም፤ ሁለቱን አከታትለው ከሠሩ ግን ብረቱ ይቅደም።

ብረት በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል፦ ለእያንዳንዱ የጡንቻ ክፍል በሳምንት 10 ዙር ያህል፣ በዙር ከ6 እስከ 12 ጊዜ፣ አንድ ሁለት የመድገም አቅም ሲቀርዎት ማቆም። «ለመክሳት ቀላል ብረት ደጋግሞ ማንሳት» የሚሉትን አይስሙ። ስብ የሚቀንሰው ከሚያቃጥሉት ያነሰ ካሎሪ ሲመገቡ ነው፤ ብረቱ ጡንቻው እንዳይሄድ ይይዝልዎታል።

ዋናው ጉዳይ ግን ገበታው ላይ ነው። በሳምንት አንድ ኪሎ መቀነስ ለእርስዎ በዝቷል፤ ግማሽ ኪሎ ይበቃል። ፕሮቲን በቀን 120 ግራም ያህል ያስፈልግዎታል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ፣ 100 ግራም ጥሬ ምስር ደግሞ 24 ግራም ገደማ አለው። ስለዚህ በጾም ቀን ቀጠን ያለ ሽሮ በብዙ እንጀራ አያዋጣም፤ ወፈር ያለ የምስር ወጥ፣ የሽምብራ ቆሎ፣ የተቀቀለ ባቄላ ይጨምሩበት። ያም ሆኖ 120 ላይሞላ ይችላል፤ በፍስክ ቀናት በእንቁላል፣ በወተትና በሥጋ አሟልተው ይብሉ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ነኝ። በረመዳን ብረት መቼ ልሥራ?

መልስ፦ ካፈጠሩ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ሆድ ሳይሞላ። የሚያነሱትን ክብደት ሳይሆን የዙሩን ብዛት በሲሶ ይቀንሱ። ሩጫውን ከመፍጠሪያው በፊት በሚደረግ የ20 ደቂቃ እርምጃ ይተኩት፤ ኮምቦልቻ ከደሴ ይልቅ ስለምትሞቅ በጾም አፍ ላብ የሚያወጣ ሩጫ አይመከርም። ፕሮቲኑን ለማፍጠሪያና ለስሑር ይከፋፍሉት። የስኳር ሕመም ካለብዎ ወይም መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።