ታክሲ እስኪጀምር የሚቆይ ፖከር

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሚስትና አንድ ልጅ አለኝ። አንድ ጉዳይ ከሚስቴም ከጓደኛዬም ጋር እያከራከረኝ ስለሆነ፣ ሦስተኛ ሰው ይፍረደን ብዬ ነው የጻፍኩልዎት።

ፖከር እጫወታለሁ፤ ቴክሳስ ሆልደም የሚባለውን። ለማያውቁት አንባቢዎች ባጭሩ፦ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ተደፍቶ ይታደላል። መሐል ላይ ደግሞ አምስት ካርታ ይገለጣል፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ አንድ። በየመሐሉ ብር ይመደባል። ከሰባቱ ካርታ የተሻለ አምስት የሠራ ይበላል። ወይም ሌላውን አስፈራርቶ ካርታውን ያስጣለ ይበላል። እኛ ኮንከር እየተጫወትን ያደግን ልጆች ነን። ፖከርን ያስተማረን ከደቡብ አፍሪካ የተመለሰ የሰፈራችን ልጅ ነው።

የምንጫወተው ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየም ሥር ባለ አንድ ምግብ ቤት ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ የብረት መዝጊያው ወደ ታች ይሳባል። ካርታው እንዲንሸራተት ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ ይነጠፋል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የቺፕስ፣ ማለትም በብር ፈንታ የምንመድባቸው ክብ ጠፍጣፋ መቁጠሪያዎች፣ ድምፅና የሻይ ማንኪያ ብቻ ነው።

አርብ አርብ ካሽ ነው፤ ማለትም ቺፕሱ በቀጥታ ብር የሆነበት ጨዋታ። ስምንት ሰው እንቀመጣለን። ብላይንዱ፣ ማለትም ካርታ ከመታየቱ በፊት ሁለት ሰዎች በየተራ የሚያስቀምጡት ግዴታ፣ 10 እና 20 ብር ነው። በ2,000 ብር እንገባለን። ያለቀበት ሌላ 2,000 አውጥቶ ይቀጥላል። የምግብ ቤቱ ባለቤት በየዙሩ መሐል ላይ ከተከማቸው ብር 5 በመቶ ያነሳል። ለመብራትና ለሻይ ነው ይላል።

በወር አንድ ቅዳሜ ደግሞ ውድድር አለ። 18 ሰው፣ ሁለት ጠረጴዛ። መግቢያው 1,000 ብር ነው። ሁሉም እኩል 5,000 ቺፕስ ይሰጠዋል፤ ያለቀበት ወጣ። ብላይንዱ ከ25 እና 50 ይጀምርና በየ20 ደቂቃው ያድጋል። 1,000 ብር ለቤቱ ይቀነስና 17,000ው ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ይከፈላል፦ 8,500፣ 5,100 እና 3,400።

ውድድር ላይ ጎበዝ ነኝ ብዬ አስባለሁ። አንደኛ ወጥቻለሁ፤ ሦስተኛም ወጥቻለሁ። ካሽ ላይ ግን ነገሩ አልሆነልኝም። የምበላው ደህና ካርታ ሳልይዝ ነው፤ የምከስረው ደግሞ ደህና ካርታ ስይዝ። ባለፈው ሁለት አስ ታደለኝ። 60 ብር አደረግኩት። አራት ሰው ተከተለኝ። 9፣ 8 እና 4 ተገለጠ። ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ሾፌር 8 እና 4 ይዞ ኖሮ ሁለት ጥንድ ሠርቶ ያለኝን በሙሉ ጠረገኝ። አሁን እስቲ፣ 8 እና 4 ይዞ 60 ብር የሚከፍል ምን ዓይነት ሰው ነው?

መነሳትም ቀላል አይደለም። ጨዋታው የሚሞቀው ከ5 ሰዓት በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ወደ ኮዬ ታክሲ አይታሰብም። ራይድ ብጠራ ወይ አይመጣም፣ ወይ የማይቀመስ ዋጋ ይጠራል። በእግሬ እንዳልሄድ ውሻውም ጅቡም አለ። ስለዚህ እስከ ሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ታክሲ እስኪጀምር እዚያው ነኝ። በልቼ ልነሳ ስል ደግሞ «ምነው፣ የሰረቅክ ይመስል?» ይሉኛል። የሰፈር ሰዎች ናቸው። እሁድ እቁብ ላይ እንተያያለን።

ሚስቴ «የግድ የምትጫወት ከሆነ ውድድሩን ብቻ ተጫወት፤ እሱስ 1,000 ብሩን አውቀዋለሁ» ትላለች። ጓደኛዬ ደግሞ «ውድድር ዕድል ነው፤ ፖከር የሚባለው ካሽ ነው፤ ችሎታ የሚለየው እዚያ ነው» ይለኛል። እኔ ሁለቱንም እወዳለሁ። ቅዳሜ ከውድድሩ ቶሎ ከወደቅኩ እንኳ ከወደቁት ጋር ጎን ባለው ጠረጴዛ ካሽ እየተጫወትኩ ፍጻሜውን እጠብቃለሁ።

ሌላም ሐሳብ አለኝ። ክሪስ መኒሜከር የሚባለው አሜሪካዊ እንደኔው የሂሳብ ሰው ነበር። በ2003 የዓለም ሻምፒዮናውን አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ለፋሲካ ሰሞን ናይሮቢ ሄጄ አንድ ትልቅ ውድድር ብሞክርስ? ማን ነው ልክ? ሚስቴ ወይስ ጓደኛዬ?

የኮዬው ተጫዋች

*

ወንድሜ፣

ሚስትህ ልክ ናት። ጓደኛህም አልተሳሳተም። ግን እሱ የሚያወራው አንተ ስለማትቀመጥበት ጠረጴዛ ነው።

ከጓደኛህ እንጀምር። ካሽ ላይ ቺፕስ ማለት ብር ነው። ብላይንዱ ሌሊቱን ሙሉ 10 እና 20 ላይ ይቆማል። 2,000 ብር ይዘህ ስትገባ የትልቁን ብላይንድ 100 እጥፍ ይዘሃል ማለት ነው። ጊዜ አለህ። መጥፎውን ካርታ እየጣልክ፣ ሰው እያጠናህ መጠበቅ ትችላለህ። ውድድር ላይ ግን መጠበቅ ራሱ ያስከፍላል። ስትጀምር አንተም የያዝከው 100 እጥፍ ነበር። በየ20 ደቂቃው እያደገ ሁለት ሰዓት ሲሆነው ብላይንዱ 300 እና 600 ደርሷል እንበል። ቺፕስህ ካልጨመረ 5,000ው ከትልቁ ብላይንድ 8 እጥፍ ብዙም አይበልጥም። በዚያ ላይ ብዙ መራቀቅ የለም፤ ወይ ሁሉንም ትገፋለህ ወይ ትጥላለህ። ስለዚህ ችሎታ ሰፊ ቦታ የሚያገኘው ካሽ ላይ ነው ማለቱ እውነት ነው።

ግን ካሽ ይህን ሁሉ የሚሰጥህ በአንድ ነገር ላይ ቆሞ ነው፤ ባሻህ ሰዓት መነሳት በመቻልህ። ደክሞህ ከሆነ ትነሳለህ። ጥሩ ተጫዋቾች ብቻ ከቀሩ ትነሳለህ። ከተናደድክ ትነሳለህ። አንተ ግን ከ5 ሰዓት በኋላ ታክሲ የለህም፣ በልተህ ስትነሳ ትሰደባለህ፣ ስትከስር ደግሞ ኪስህ ውስጥ ሌላ 2,000 አለ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ከዚያ ወንበር የማይነሳው ሰው ፖከር እየተጫወተ አይደለም፤ ታክሲ እየጠበቀ ነው። ታክሲ መጠበቂያው ደግሞ በጣም ተወዶበታል።

የሚስትህ ብልህነት እዚህ ላይ ነው። ውድድር ላይ የምትከስረው ብር ገና ሳትቀመጥ፣ ዓይንህ ሳይቀላ፣ በ3 ሰዓት ተወስኗል። ካሽ ላይ የሚወስነው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ያለው አንተ ነው። እሷ የምታምነው የ3 ሰዓቱን ባሏን ነው። እኔም እሱን ነው የማምነው።

አሁን ሁለቱ አስ። ይቺን ነገር ሳላነሳት ባልፍ ደስ አይለኝም፣ ምክንያቱም ብዙ የሰፈር ተጫዋች የሚያለቅሰው በእሷ ነው። ሁለት አስ በአማካይ ከ221 ዙር አንዴ ነው የሚታደልህ። የእናንተ ጨዋታ በሰዓት 20 ዙር ቢሄድ፣ ከ3 እስከ 11 ሰዓት 160 ዙር ነው። ታዲያ አንዳንድ አርብ ጭራሽ አትመጣም። ስትመጣ፣ አንድ ሰው ብቻ ምንም ይሁን ምን ይዞ እስከ መጨረሻ ቢከተልህ ከ100 ጊዜ 85 ጊዜ ያህል ታሸንፋለህ። አራት ሰው ከተከተለህ ግን ወደ 56 ትወርዳለህ። 44ቱን ጊዜ ከአራቱ አንዱ ይበላሃል። ሾፌሩ አልዘረፈህም፤ ከ44ቱ አንዱ ነበር።

ደግሞ አስተውል። አምስት ሰው 60፣ 60 ብር ሲያስገባ 300 ብር ነው። የአንተ ድርሻ አንድ አምስተኛ ብቻ ነው፤ ዕድልህ ግን ከግማሽ በላይ ነው። 8 እና 4 ይዞ 60 ብር የሚከፍል ሰው እንዳይጠፋብህ ጸልይ እንጂ አትቆጣው። ስህተቱ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ሦስቱ ካርታ ከተገለጠ በኋላ ሁለት አስ ማለት አንድ ጥንድ ነው። አራት ሰው ባለበት፣ ዝም ብሎ የቆየ ሰው ድንገት ከፍ ሲያደርግ፣ በአንድ ጥንድ 2,000 ብር ሙሉ አይገፋም። ሁሉም በሚከተልበት ጠረጴዛ ላይ ደግሞ 60 ብር ትንሽ ነው። 120 ወይም 140 አድርገው። ሁለት ሰው ቢቀርልህ በቂ ነው።

ወደ ቤቱ ድርሻ ልምጣ። «ለመብራትና ለሻይ» የምትለዋ 5 በመቶ። አንድ ዙር ላይ በአማካይ 400 ብር ይከማቻል ብለን እንያዝ። 20 ብር ይነሳል። በ160 ዙር 3,200 ብር ነው። ስምንት ሰው 2,000 ይዞ ሲገባ ጠረጴዛው ላይ ያለው 16,000 ነው። ስለዚህ ሲነጋ ከገባችሁበት ብር አንድ አምስተኛው ከጠረጴዛው ጠፍቷል። ከእናንተ አንዱም አልበላውም። የቅዳሜው ውድድር ደግሞ ከ18,000 ላይ 1,000 ብቻ ነው የሚወስደው፤ አንዴ፣ በግልጽ፣ ከመጀመሩ በፊት። እንዲህ ያለ መብራትና ሻይ እኔ ሰፈር ቢኖር ምግብ ቤት እከፍት ነበር። በነገራችን ላይ ያለ ፈቃድ ቤት ዘግቶ፣ ከየዙሩ እያነሱ ቁማር ማጫወት በሕግ ያስጠይቃል። መዝጊያው አንድ ሌሊት በሌላ ሰው ቢከፈት ውስጥ የምትገኘው አንተም ነህ።

አሁን ትንሽ የሚቆረቁር ነገር ልበልህ። ደብዳቤህን ደግሜ አነበብኩት። የሂሳብ ሠራተኛ ነህ። የውድድሩን ሽልማት እስከ መቶ ብሯ ጽፈህልኛል። ካሽ ላይ ስንት እንደተበላህ ግን አንድም ቁጥር የለም። ይህ ከእጅህ ያመለጠ አይመስለኝም። ደብተር ግዛ። ቀን፣ የገባህበት፣ የወጣህበት፣ የተነሳህበት ሰዓት። ሌላ ምንም አትጻፍ። የመጨረሻዋ መስመር ብዙ ነገር ትነግርሃለች፤ ብዙ ሰው እስከ 6 ሰዓት ደህና ነው፣ የሚጠፋው ከዚያ በኋላ ነው።

ውድድር ላይ ጎበዝ ነኝ ያልከውንም ደብተሩ ይፍታው። 18 ሰው ገብቶ ሦስት ሰው ነው የሚከፈለው። ሁላችሁም እኩል ብትሆኑ እንኳ ከስድስት ውድድር አንዱ ይደርስሃል። በወር አንዴ ማለት በዓመት ሁለቴ ነው። አንደኛና ሦስተኛ መውጣትህ ደስ ይላል፤ ገና ማስረጃ ግን አይደለም።

ምን ታድርግ? ቅዳሜውን ያዝ። ስትወድቅ ግን ጎን ወዳለው ጠረጴዛ አትሂድ። ከሁሉም የሚብሰው እሱ ነው፤ አሁን የወደቀ፣ የተናደደ፣ የሚያስመልስ የሚመስለው ሰው ብቻ የሚቀመጥበት ካሽ። አንተ ደግሞ በመሐል ጣል አድርገህ ነው ያለፍካት። ሚስትህም «1,000 ብሩን አውቀዋለሁ» የምትለው ይህን ጠረጴዛ ስለማታውቅ ይመስለኛል። ልትነግራት ይገባል።

አርቡን መተው ካልሆነልህ ሁለት ነገር አስተካክል። አንደኛ፣ ገና ስትቀመጥ «እኔ እስከ 5 ሰዓት ነኝ» በል። ቀድሞ የተነገረ ነገር ሰው አያስቀይምም፤ የሚያናድዳቸው በልተህ ድንገት ብድግ ስትል ነው። ሁለተኛ፣ ቤት የምትገባበትን ነገር ቀድመህ ጨርስ። ከስምንታችሁ አንዱ ሾፌር ነው ብለሃል። መኪናውን የት ነው የሚያቆመው? ኮዬ ከሆነ ነዳጁን ተጋሩና አብራችሁ ተነሱ። አለዚያ ጨዋታውን በየተራ እቤታችሁ አድርጉት፤ በትንሽ ብር፣ ማንም ምንም ሳያነሳ። ልጅ የተኛበት ቤት እስከ 11 ሰዓት የሚቆይ ሰው የለም። እነዚህ ሁለቱ ካልተሟሉልህ አርብን ተወው። ስለ ችሎታህ ስላልተማመንኩ አይደለም፤ ችሎታህን የምትጠቀምበት ጠረጴዛ ስላልሆነ ነው።

ናይሮቢን በተመለከተ፣ መኒሜከር በእርግጥ የሂሳብ ሰው ነበር። ግን ወደዚያ ውድድር የገባው 10,000 ዶላር ከኪሱ ከፍሎ አይደለም፤ በኢንተርኔት በተደረገ አነስተኛ የማጣሪያ ውድድር አሸንፎ ነው። በዚያ ዓመት ደግሞ 839 ሰው ተወዳድሯል። የቀሩትን 838 ስማቸውን የሚጠራ የለም። የመግቢያውን፣ የአውሮፕላኑንና የሆቴሉን ዋጋ ደምረህ፣ ሁሉም እንደማይመለስ ቆጥረህ፣ እንደ ሽርሽር ወጪ የምትችለው ከሆነ ሂድ። ካልቻልክ ቱሉ ዲምቱ ይበቃሃል። የፋሲካን ዶሮ ትተህ ካርታ ልትጫወት ናይሮቢ እንደምትሄድ ግን ለሚስትህ ራስህ ንገራት፤ እኔን በዚህ አታስገባኝ።