ድመቴ ውሃ አትጠጣም፣ ውሻዬ ደግሞ አትጠግብም

ስለ ውሻና ድመት አያያዝ ከአንባቢያን ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ብዙዎቹ ውሃን የሚመለከቱ ሆነው ስላገኘናቸው የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተነዋል። ረዘም ያሉትን ደብዳቤዎች ፍሬ ነገራቸውን ይዘን አሳጥረናቸዋል። መልስ የሚሰጡት የዓምዱ የእንስሳት ሐኪም ናቸው።

ጥያቄ፦ 4 ኪሎ ግራም የምትመዝን የሦስት ዓመት ድመት አለችኝ። የውሃ ሳህኗን ጠዋት ሞልቼላት ማታ ሳየው እምብዛም ሳይጎድል አገኘዋለሁ። የምትበላው የታሸገ እርጥብ ምግብ ነው። ጎረቤቴ ደግሞ ደረቅ ምግብ የምትመግባት ድመቷ ደጋግማ እንደምትጠጣ ስትነግረኝ ሐሳብ ገባኝ። በውሃው ፋንታ ወተት ብሰጣት ይሻል ይሆን?

መልስ፦ ሁለቱም ድመቶች ጤነኞች ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ እንስሳ በቀን ያገኘው ውሃ ከሳህኑ በጎደለው ብቻ አይለካም፤ ከምግቡ ጋር የገባው፣ እንዲሁም ሰውነቱ ምግቡን ወደ ኃይል ሲለውጥ በራሱ የሚያመነጨው ጥቂት ውሃ አብሮ ይቆጠራል። ለድመት ከሁሉም ምንጭ ተደምሮ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቷ በቀን ከ40 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃታል። ለእርስዎ ድመት ይህ ከ160 እስከ 240 ሚሊ ሊትር ይሆናል። የታሸገ እርጥብ ምግብ ሦስት አራተኛው ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው ውሃ ስለሆነ፣ በቀን 250 ግራም የምትበላ ከሆነ ወደ 190 ሚሊ ሊትር የሚጠጋውን ከምግቧ ጋር አግኝታዋለች። ደረቅ ምግብ በአንጻሩ የሚይዘው ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 በመቶ አይበልጥም። ከእርሱ 60 ግራም የበላች ድመት ከምግቡ የምታገኘው አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የጎረቤትዎ ድመት ወደ ሳህኗ መመላለሷ የሚጠበቅ ነው።

ከሁለቱ ይበልጥ መታገዝ ያለባትም እርሷ ትመስለኛለች። የቤት ድመት የዘር ሐረጓ የሚመዘዘው በሰሜን አፍሪካና በምዕራብ እስያ ደረቅ ምድር ከሚኖረው የዱር ድመት ነው። ያ እንስሳ አብዛኛውን ፈሳሽ የሚያገኘው ካደነው አይጥና ወፍ ስለነበር ኩላሊቱ ሽንትን እጅግ አወፍሮ ውሃ መቆጠብ የሚችል ሲሆን፣ የጥማት ስሜቱ ግን እንደ ውሻ ቶሎ የሚቀሰቀስ አይደለም። ስለዚህም ደረቅ ምግብ ብቻ የሚበሉ ድመቶች ብዙ ቢጠጡም እንኳ በድምሩ የሚያገኙት ውሃ እርጥብ ምግብ ከሚበሉት ያነሰ ሆኖ ይገኛል፤ ሽንታቸውም የበለጠ የወፈረ ነው። የወፈረ ሽንት ደግሞ በፊኛ ውስጥ ጠጠር እንዲፈጠር ያመቻል። ለጎረቤትዎ የምመክራቸው ከቀኑ ምግብ ከፊሉን በእርጥብ እንዲተኩ ነው፤ እርሱ ካልተቻለ ደረቁን ምግብ ለብ ባለ ውሃ አርሰው ያቅርቡላት፤ ያልበላችውንም ሳይበላሽ ያንሱት። የሥጋ ወይም የዶሮ መረቅ ጠብ ማድረግም ጥሩ ነው። ነገር ግን መረቁ ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርትና ያለ ነጭ ሽንኩርት የተቀቀለ መሆን አለበት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትንም የውሻንም ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰባብራሉና።

የሳህኑ አቀማመጥም ቀላል ነገር አይደለም። ድመት ስትጠጣ ጠጋ ብለው ቢመለከቱ ውሃውን እንደ ውሻ በምላሷ ስትጨልፍ አያዩም። የምላሷን ጫፍ የውሃውን ገጽ አስነክታ በፍጥነት ወደ ላይ ስትስበው ውሃው እንደ ቀጭን ዓምድ ተከትሎ ይነሳል፤ ዓምዱ ተመልሶ ከመውደቁ በፊት አፏን ትገጥማለች። እ.ኤ.አ. በ2010 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት እንዳሳየው ይህንን በሴኮንድ አራት ጊዜ ያህል የምትደጋግም ሲሆን፣ በእያንዳንዱ የምታገኘው ከአንድ ሚሊ ሊትር አንድ ዐሥረኛ ብዙም የማይበልጥ ነው። 50 ሚሊ ሊትር ለመጠጣት እንግዲህ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ መላስ አለባት ማለት ነው። በጫጫታና በግርግር መካከል የተቀመጠ ሳህን ይህንን ያህል ጊዜ በእርጋታ እንድትቆም አይፈቅድላትም። ሰፋ ያሉ ሳህኖችን እስከ አፋቸው ሞልተው በቤቱ ውስጥ በሁለት ሦስት ጸጥ ያሉ ቦታዎች ያስቀምጡላት፤ ከመጸዳጃ አሸዋዋም ያርቁት። በኤሌክትሪክ ውሃ የሚያንፎለፍሉ መጠጫዎችን የሚወዱ ድመቶች አሉ፤ ሻጮቹ ምንም ቢሉ ግን እያንዳንዷን ድመት ብዙ ጠጪ አያደርጓትም፤ ስለዚህ ገንዘብዎን መጀመሪያ ለእርጥብ ምግብ ቢያውሉት እመርጣለሁ።

ወተቱን ይተዉት። አብዛኞቹ ድመቶች ጡት ከጣሉ በኋላ በወተት ውስጥ ያለውን ላክቶስ የተባለ ስኳር የመፍጨት አቅማቸው ስለሚቀንስ ወተት ተቅማጥ ሊያመጣባቸው ይችላል፤ ተቅማጥ ደግሞ ልንጨምርላት የፈለግነውን ውሃ ይዞባት ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ውሻዬ የዘጠኝ ዓመት ሴት ስትሆን 20 ኪሎ ግራም ትመዝናለች። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ የሞላሁላትን ሁሉ ጭልጥ ታደርጋለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ያላደረገችውን ሌሊት ሌሊት ቤት ውስጥ መሽናትም ጀምራለች። ምንጣፉን ለማዳን ብዬ ሲመሽ ሳህኑን አነሳዋለሁ። ትክክል ነኝ?

መልስ፦ ሳህኑን ዛሬውኑ ይመልሱላት። እንዲህ ያለው ነገር ሲያጋጥም አብዛኛው ሰው የሚያስበው ውሻዋ ብዙ ስለጠጣች ብዙ ትሸናለች ብሎ ነው፤ በብዙዎቹ በሽታዎች ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ኩላሊቷ ውሃ መያዝ ስላቃተው ሽንቷ ይበዛል፤ የጎደለውን ለመተካት ስትል ደግሞ ትጠጣለች። ውሃውን ሲከለክሏት ሽንቱ አይቆምም፤ መተኪያው ብቻ ይቆማል፤ እንስሳዋም በአንድ ሌሊት ለከባድ የፈሳሽ እጥረት ልትዳረግ ትችላለች።

መጀመሪያ ልኬት ያስፈልገናል። ጠዋት በመለኪያ የታወቀ ውሃ ይሙሉላት፤ በቀኑ ውስጥ የጨመሩትን ሁሉ ይጻፉ፤ በማግስቱ በዚያው ሰዓት የቀረውን ለክተው ይቀንሱ። በሙቀት ወራት ከሆነ ያንኑ ያህል ውሃ የያዘ ተመሳሳይ ሳህን ውሻዋ በማትደርስበት ቦታ ያስቀምጡና በትነት የጎደለውን ከሒሳቡ ያውጡ። ሌላ እንስሳ ካለ ለብቻዋ መጠጣት አለባት። ይህንን ለሁለት ወይም ለሦስት ቀናት ያድርጉት። ጤነኛ ውሻ በምግብም በመጠጥም ተደምሮ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም በቀን ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ያህል ያስፈልጋታል። ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የምትጠጣ ከሆነ፣ ማለትም በእርስዎ ውሻ ክብደት በቀን ከ2 ሊትር በላይ፣ ያለ ጥርጥር ከልክ ያለፈ ነው። ለድመት መጠርጠሪያው ዝቅ ብሎ ለአንድ ኪሎ ግራም 50 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። ከዚህ ወሰን በታች ሆኖም ቀድሞ ከለመደችው እጥፍ ከሆነ፣ ምግቧ ከእርጥብ ወደ ደረቅ ካልተለወጠ፣ አየሩ ካልሞቀና ቡችሎች የማታጠባ ከሆነ፣ ለውጡ ራሱ ለምርመራ በቂ ምክንያት ነው።

በዚህ ዕድሜ በመጀመሪያ የምናስባቸው የኩላሊት ሕመም፣ የስኳር በሽታና የአድሬናል ዕጢ ኮርቲዞል የተባለውን ሆርሞን ከልክ በላይ የሚያመነጭበት ሕመም ናቸው። ለማሳከክ ወይም ለመገጣጠሚያ የሚሰጡ የስቴሮይድ መድኃኒቶችም ተመሳሳይ ጥማት ስለሚያመጡ የምትወስደው ነገር ካለ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ በራስዎ ግን አያቋርጡት። አንድ ነገር ደግሞ በጥብቅ ልጠይቅዎት፦ ውሻዋ ማህፀኗ በቀዶ ሕክምና ያልወጣላት ናት? ከሆነች፣ በተለይም ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ ካለፈ ጥቂት ሳምንታት ከሆነው፣ ማህፀኗ መግል ቋጥሮ ሊሆን ይችላል። ይህ ሕመም አንዳንድ ጊዜ ከውጭ ምንም ፈሳሽ ሳይታይ በጥማት፣ በምግብ መጥላትና በድካም ብቻ ይገለጻል፤ በቶሎ ካልታከመም ይገድላል። እንዲህ ያለ ምልክት ካዩ ልኬቱን ትተው በዚያው ቀን ይውሰዷት። ከሌለ ግን የጻፉትን ቁጥርና ጠዋት መጀመሪያ የሸናችውን ሽንት በንጹሕ ዕቃ ይዘው ይሂዱ፤ የሽንቱ ውፍረትና በውስጡ ስኳር መኖር አለመኖሩ ምርመራው በየት በኩል እንደሚቀጥል ወዲያው ይጠቁማል።

ጥያቄ፦ ውሻ ወይም ድመት የሰውነት ፈሳሽ እንዳነሰው ለማወቅ ቆዳውን ቆንጥጦ መልቀቅ ይበቃል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ ይረዳል እንጂ አይበቃም። በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ያለውን ቆዳ ቀስ ብለው ያንሱና ይልቀቁት፤ ወዲያው ካልተመለሰና እንደ ድንኳን ቆሞ ከቆየ ፈሳሽ ጎድሎታል ማለት ነው። ችግሩ ያረጀና የከሳ እንስሳ ቆዳ ውሃ ሳይጎድለውም ቀስ ብሎ የሚመለስ መሆኑ ነው፤ የወፈረ እንስሳ ቆዳ ደግሞ ጉዳቱን ይደብቃል። ስለዚህ ከንፈሩን ገልጠው ድዱን በጣት ይንኩ። ጤነኛ ድድ እርጥብና ሙልጭልጭ ያለ ነው፤ ጣት ላይ ሙጭጭ የሚል ከሆነ ያሳስባል። ድዱን ተጭነው ሲለቁት የነጣው ቦታ በ2 ሴኮንድ ውስጥ መልኩ መመለስ አለበት። እነዚህ ምልክቶች መታየት የሚጀምሩት ከክብደቱ 5 በመቶ የሚሆን ፈሳሽ ሲጎድል ነው፤ 20 ኪሎ ግራም ከሚመዝን ውሻ 1 ሊትር ማለት ነው። ዓይን ሲሰረጉድና እንስሳው ሲልፈሰፈስ ከዚያ በእጅጉ አልፏልና በቤት ውስጥ ውሃ በማጠጣት የሚመለስ አይደለም።

ጥያቄ፦ ወንድ ድመቴ ከትናንት ጀምሮ ወደ አሸዋው እየተመላለሰ ያምጣል፣ ይጮኻል፤ ጠብታ እንኳ አይወጣውም። ውሃ ስላልጠጣ ይሆን?

መልስ፦ ይህ መጽሔት እስኪወጣ እንደማይጠበቅ ለደብዳቤው ባለቤት ወዲያው አሳውቀናል፤ እዚህ የምናትመው ሌሎች እንዲያውቁት ነው። የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ጠባብ በመሆኑ በደቃቅ ጠጠርና በልጋግ በቀላሉ ይደፈናል። ፊኛው ሲወጠር ኩላሊቱ ሥራውን ያቆማል፤ በደም ውስጥ የሚከማቸው ፖታሲየም ልብን ያውካል፤ እንስሳው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ይወሰዳል፤ ሆዱ አይታሽም፤ ውሃም በግድ አይሰጠውም። ቧንቧው ተከፍቶ ከዳነ በኋላ ግን ሽንቱን የሚያቀጥን ብዙ ፈሳሽ ማግኘቱ ሕመሙ እንዳይመለስበት ከሚረዱት ነገሮች ዋነኛው ነው።

ጥያቄ፦ ቡችላችን ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ውሃ በሲሪንጅ አፉ ውስጥ እንጨምርለታለን፤ እርሱንም መልሶ ያስወጣዋል። ለሰው የሚሸጠው የስፖርት መጠጥ ይሻለው ይሆን?

መልስ፦ ቡችላ የሚቆጥበው ብዙ ስለሌለው በሰዓታት ውስጥ ይደርቃል። በተለይ ክትባቱን ያልጨረሰና ተቅማጡ ደም የቀላቀለ ከሆነ ፓርቮ የተባለው የቫይረስ በሽታ ስለሚጠረጠር፣ ሕክምናው በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ቀን መቁጠር አይገባም። በሲሪንጅ በኃይል የሚረጭ ውሃ ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል ያቁሙት። ነቅቶ በራሱ የሚልስ ከሆነ ወደ ሐኪም እስኪደርስ ድረስ በየጥቂት ደቂቃው አንድ ማንኪያ ውሃ ያቅርቡለት፤ አንድ ሙሉ ሳህን በአንዴ መጠጣት ትውከቱን ይቀሰቅሳል። የስፖርት መጠጥ ስኳሩ ተቅማጡን ሊያባብሰው ይችላል፤ ከስኳር ነጻ ከሆኑት አንዳንድ ምርቶች ውስጥ ደግሞ ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ ይገኛል፤ እርሱ በውሻ ደም ውስጥ ያለውን ስኳር በድንገት የሚያወርድ መርዝ ነው።

ጥያቄ፦ በሞቃት ቀን ከውሻዬ ጋር ስሮጥ ምን ያህል ላጠጣው?

መልስ፦ ውሻ በላብ የሚቀዘቅዘው በመዳፉ ሥር ካለው ጥቂት ቦታ ብቻ ስለሆነ ሙቀቱን የሚያስወጣው በማለክለክ ነው፤ የሚተነው ውሃም ከምላሱና ከመተንፈሻ አካሉ ነው። በየአጭሩ እያረፋችሁ ትንሽ ትንሽ እንዲጠጣ ያድርጉ እንጂ እስከ መጨረሻው አስጠምተው ባልዲ አያቅርቡለት። ፊታቸው የተደፈጠጠ ዝርያዎች ማለክለካቸው ብዙ ስለማይረዳቸው በሙቀት ሰዓት ባይሮጡ ይመረጣል። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ነው፤ ከ40 አልፎ ከተንገዳገደና ምራቁ ከወፈረ፣ ጥላ ውስጥ አስገብተው ሰውነቱን በውሃ እያራሱ ነፋስ ያግኘውና ወደ ሕክምና ይውሰዱት፤ ራሱን የሳተ ውሻ አፍ ውስጥ ግን ውሃ አይጨመርም። የተገላቢጦሹ አደጋም አለ፤ ሐይቅ ወይም ገንዳ ውስጥ ኳስ ሲያመጣ የሚውል ውሻ ሳያስበው ብዙ ውሃ ስለሚውጥ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ሊቀጥን ይችላል። ከጨዋታው በኋላ ቢያስመልሰው፣ ቢንገዳገድ ወይም ቢደነዝዝ የድካም ነው ብለው አይለፉት።

ጥያቄ፦ ሳህኑን በየስንት ቀኑ ላጥበው?

መልስ፦ በየቀኑ፣ በሳሙናና በሙቅ ውሃ፣ በደንብ አለቅልቀው። ጣትዎን በሳህኑ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ሲያሳልፉ የሚያንሸራትትዎት ነገር የባክቴሪያ ንጣፍ ነው፤ በላዩ አዲስ ውሃ ስለጨመሩበት ብቻ አይለቅም። ብረት ወይም ሸክላ ሳህን ከፕላስቲክ ይመረጣል፤ የተጫጫረ ፕላስቲክ ቆሻሻውን በጭረቱ ውስጥ ይይዛልና እርሱን ይጣሉት።