በአንዲት ክፍል አውሮፕላን ስለ መገጣጠም፦ ለመሐል ሜዳው ወንድማችን

ከመሐል ሜዳ የጻፉልን ወንድማችን 3.5 በ5 ሜትር የሆነች አንዲት ክፍልና በቆርቆሮ የተከደነች በረንዳ ብቻ ይዘው፣ ዕቃው ተዘጋጅቶ በሣጥን የሚመጣ ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ገጣጥመው መጨረስ ይችሉ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ ዜኒት ሲ ኤች 701 የተባለውን ሞዴል ደብረ ብርሃን በሚገኘው ግቢዬ መገጣጠም የጀመርኩት በ2011 ዓ.ም. ሲሆን፣ ክፍሌም ከእርስዎ እምብዛም አትሰፋም፤ ስለዚህ ይቻላል እላለሁ። ነገር ግን እርስዎ የጠየቁት ስለሚሠሩበት ቦታ ነው፤ እኔን ያስቸገረኝ ግን የተሠራው የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ለአንድ ክንፍ የሚሆነው ላሜራ ሁሉ ግድግዳ ተደግፎ ሲቆም አንድ ስንዝር ያህል ቦታ ቢይዝ ነው። በሪቬት፣ ማለትም ላሜራን ከላሜራ በሚያያይዝ አነስተኛ ሚስማር፣ ተያይዞ ክንፍ ከሆነ በኋላ ግን ምንም የማይጫንበት፣ ማንም የማይደገፈው ትልቅ ባዶ ሣጥን ይሆንና ቤቱን ይወርሳል።

ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። የማጓጓዣውና የጉምሩኩ ውጣ ውረድ አንድ ጊዜ ይለቅልኝ ብዬ ከሞተሩ በስተቀር ዕቃውን በሙሉ በአንድ ሣጥን አስመጣሁ። ሣጥኑ የክፍሌን እኩሌታ ስለያዘብኝ ላሜራዎቹን አውጥቼ፣ ከነመጠቅለያ ወረቀታቸው አነባብሬ፣ በረንዳው ላይ በሸራ ሸፍኜ አስቀመጥኋቸው። የኅዳርን ውርጭ እርስዎ ያውቁታል፤ የመንዙ ከእኛ ቢብስ እንጂ አያንስም። ሌሊት ቆርቆሮው በስተውስጥ ያላበው ውሃ በረዶ ሆኖ ያድርና ጠዋት ፀሐይ ስትመታው ቀልጦ ይንጠባጠባል። ጠብታው በሸራው ስፌት እየገባ ወረቀቱን አርሶት ኖሮ፣ በጥር ስገልጠው በአራት ላሜራዎች ላይ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ምልክት አገኘሁ፤ ጣቴን ሳሳልፍበት እንደ ጥሩ አሸዋ ይሻክር ነበር። ሁለቱን በማጽዳት አተረፍኋቸው፤ ሁለቱን ግን ጥዬ ሌላ ማዘዝ ግድ ሆነብኝ። የዚህ አውሮፕላን ላሜራ 6061 የተባለውና ዝገትን በደንብ የሚቋቋመው የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። ይሁን እንጂ አየር እያገኘው ዝናብ ቢወርድበት እምብዛም የማይጎዳው አሉሚኒየም፣ ውሃ በሁለት ላሜራዎች መካከል ታፍኖ ሲቀርበት ይበላል። ዛሬ ላሜራዎቼ በጠርዛቸው ቆመው፣ በየመካከላቸው ቀጭን ጣውላ ገብቶባቸው፣ ከግድግዳውም አንድ ክንድ ያህል ርቀው ይቀመጣሉ፤ ወረቀቱንም ጥዬዋለሁ።

ስለዚህ አቅምዎ የሚፈቅድ ከሆነ ዕቃውን በየክፍሉ ይዘዙ፤ መጀመሪያ ጭራውን፣ ቀጥሎ ክንፎቹን፣ በመጨረሻ አካሉን። የማጓጓዣው ወጪ በእርግጥ ይጨምራል፤ እኔ ግን ከጣልኳቸው ላሜራዎች ጋር ሳነጻጽረው እንደገና ብጀምር በዚሁ መንገድ እሄድ ነበር። ጭራውን የምናስቀድመው ትንሽ ስለሆነና ስሕተቱም ርካሽ ስለሆነ ነው፤ ሲያልቅ ደግሞ ከጣሪያው ወራጅ ላይ ሊሰቀል ይችላል። ከማዘዝዎ አስቀድሞ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይያዙ።

ጠረጴዛዎ 1.2 በ3.6 ሜትር ቢሆን ይበቃል፤ በክፍልዎ መካከል ቢቆም በግራና በቀኝ አንድ ሜትር ያህል መተላለፊያ ይተርፍዎታል። እግሩን አር ኤች ኤስ በሚባለው ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ ብረት፣ ላዩን በቺፕውድ ያሠሩት፤ መንኮራኩር ግን አይግጠሙለት። ክንፍ መሥራት በጀመርኩበት ሳምንት፣ ጠረጴዛውን ለመጥረግ ገፋ አድርጌው ስለ ነበር አንዱ ማዕዘን በአምስት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ አገኘሁት። ያወቅሁትም ግንበኞች በሚጠቀሙበት ውሃ በተሞላ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ለክቼ ነው። ክንፉ በጊዜያዊ ማያዣ ብቻ ተይዞ ስለ ነበር ፈትቼ አቀናሁት፤ ሪቬቱ ተመትቶ ቢሆን ኖሮ ጠማማው ክንፍ ተመልሶ አይቃናም፣ አውሮፕላኑም በበረራ ላይ ወደ አንድ ጎን እያዘነበለ ያስቸግራል። ከዚያ ወዲህ ሪቬት ከመምታቴ በፊት በየቀኑ እለካለሁ።

ያለቁትን ሁለት ክንፎች በፊት ጠርዛቸው ወደ ታች አድርጌ፣ ከባሕር ዛፍ አጣና በሠራሁት መደርደሪያ ላይ አቆምኋቸው። ለመደገፊያው የእናቴን አሮጌ ባና ቀድጄ ተጠቀምኩ፤ በበጋ እጅግ ጥሩ ነው፣ በክረምት ግን ሱፉ እርጥበት እየያዘ ላሜራው ላይ ስለሚያሳድር አንሥቼ በስፖንጅና በላስቲክ ተካሁት። እናቴ ስለ ባናው እስከ ዛሬ ትወቅሰኛለች። የክንፎቹን ቀዳዳዎች ሁሉ በጥብቅ የሽቦ ወንፊት ይድፈኑ፤ የገብስ ጎተራ በአጠገብዎ ካለ አይጥ ክንፍ ውስጥ ገብታ መውለዷ አይቀርም፣ ሽንቷም አሉሚኒየምን ይበላል። በዚያችው ክፍል ውስጥ ብረት በግራይንደር አይቁረጡ፤ የብረቱ ብናኝ በአሉሚኒየሙ ላይ ተሰክቶ ዝገት ይጀምራል። የበርና መስኮት ሥራ ጎን ለጎን የምንሠራ ሰዎች ይህን ቸል እንላለን።

አውሮፕላኑ ሲያልቅ 6.4 ሜትር ያህል ስለሚረዝም በክፍልዎ ውስጥ ሊገጣጠም አይችልም። የኋላውን አካልና የመቀመጫውን ክፍል ለየብቻ ይሥሩና ማያያዙን ለበረንዳው ያቆዩት፤ ጊዜውም ዝናቡ ካቆመበት ከጥቅምት ወዲህ ይሁን። ክንፎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ለመግጠም ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ 8.2 ሜትር ስለሚሆን ሜዳ ያስፈልግዎታል፤ አንድ ጠዋት ገጥሞ፣ ለክቶ፣ ማታ ፈትቶ መመለስ ነው። የማረፊያ እግሩን ከመትከልዎ በፊት የግቢዎን በር ስፋት ይለኩ።

በአሉሚኒየም ፈንታ በፋይበር ግላስ፣ ማለትም በማጣበቂያ በሚጠነክር የመስታወት ክር፣ የሚሠራውን ዓይነት አውሮፕላን አልመክርም። ማጣበቂያው በደንብ እንዲደርቅ ወደ 20 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል፤ የእኛ ሌሊት ደግሞ ይህን አይሰጥም። ሪቬት ብርድ አይፈራም።

ሞተሩን በተመለከተ፣ አይቸኩሉ። ተርቦ፣ ማለትም አየር አጭቆ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር በደብረ ብርሃን ከፍታ፣ ማለትም በ2,800 ሜትር ገደማ፣ ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ስለዚህ ባለ 80 ፈረስ ጉልበቱ ሮታክስ 912 እዚህ 60 ያህል ብቻ ይሰጥዎታል። እኔ ባለ ተርቦውን 914 እመርጣለሁ፤ እስካሁን ግን አላዘዝኩትም፣ ምክንያቱም ሣጥኑን የማሳርፍበት ቦታ የለኝም።