ፈቃዱ ይቅደም ወይስ ኪራዩ?
የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ አነስተኛ ቁርስ ቤት ልከፍት ነው። ቤት አግኝቻለሁ፤ አከራዩ ግን የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ካልከፈልሽ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ ብለውኛል። ከፍዬ ሥራ ልጀምርና ፈቃዱን ጎን ለጎን ላውጣ?

መልስ፦ እህታችን፣ ገንዘቡን ገና አይክፈሉ። የምግብ ሥራ ፈቃድ ላይ ሰዎች ገንዘባቸውን የሚያጡት አብዛኛውን ጊዜ ጽሕፈት ቤት ከመሄዳቸው በፊት፣ እዚሁ ኪራዩ ላይ ነው። መጀመሪያ የቤቱን ካርታ ይጠይቁ። ካርታው ላይ ያለው ስም ከአከራዩ ስም ጋር አንድ መሆኑን ይዩ፤ ቤቱ የውርስ ከሆነ የወራሾቹን ሁሉ ፊርማ ወይም ውክልና ይጠይቁ። ቤቱ ለንግድ መዋል ይችል እንደሆነ ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደው ያረጋግጡ። እዚያው እያሉ፣ በዚያ የቤት ቁጥር የቀድሞ ተከራይ ያልመለሰው ፈቃድ እንዳለም ይጠይቁ። ካለ የእርስዎ ማመልከቻ ሊታገድ ይችላል፤ ሰውየውን ፈልጎ ማስመለሱ ደግሞ የአከራዩ ሥራ ይሁን።

ይህ ከተጣራ በኋላ ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው። በፋይዳ መታወቂያዎ ከግብር ጽሕፈት ቤት አሥር አኃዝ ያለውን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን) ያወጣሉ። የኪራይ ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ያስመዘግባሉ። ከዚያ በወረዳው ወይም በኢ-ትሬድ የኦንላይን ሥርዓት የንግድ ምዝገባ ያደርጋሉ። ልብ ይበሉ፣ የምዝገባ ምስክር ወረቀት ፈቃድ አይደለም። እሱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ መሸጥ የጀመረ ሰው በሕግ ፊት ያለ ፈቃድ እንደነገደ ይቆጠራል፤ ከእሥራትና ከገንዘብ ቅጣት በላይ ዕቃውና መሣሪያው ሊወረስበት ይችላል።

በምዝገባውና በፈቃዱ መሃል የምግብ ቤት ብቃት ማረጋገጫ አለ፤ ብዙ ሰው የሚመላለሰው ለዚህ ነው። ተቆጣጣሪው ማእድ ቤትዎን በዓይኑ አይቶ ነው የሚፈርመው። ስለዚህ ቀለም ከመቀባትና ወንበር ከመግዛት በፊት የቧንቧውን ነገር ይጨርሱ። ዕቃ ማጠቢያው ሦስት ጎድጓዳ ያለው ቢሆን ይመረጣል፦ በመጀመሪያው በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠባል፣ በሁለተኛው ይለቀለቃል፣ በሦስተኛው በተመጠነ በረኪና ከተዋሲያን ይጸዳል። ባለ አንድ ሲንክ ገዝቶ ከሴራሚክ ጋር ያስገጠመ ሰው ኋላ ግድግዳውን ሊያፈርስ ነው። የእጅ መታጠቢያው ከዕቃ ማጠቢያው የተለየ ይሁን፤ ሽንት ቤቱ በቀጥታ ወደ ማእድ ቤቱ አይከፈት፤ ቆሻሻ መጣያው ክዳን ይኑረው። እርስዎን ጨምሮ ምግብ የሚነካ ሁሉ የጤና ምርመራ ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ምርመራውም በየጊዜው ይታደሳል። ውኃ በየተራ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ ሮቶ ቀድመው ይትከሉ።

ፈቃዱ የሚሰጠው በሥራ መስክ ስለሆነ፣ ከቁርሱ ሌላ የታሸገ ዕቃ በችርቻሮ ለመሸጥ ካሰቡ ከመጀመሪያው ይናገሩ፤ ያ ለብቻው መስክ ነው። አንድ ትንሽ የሚመስል ነገርም እንጨምር፦ ስምዎ በፋይዳ፣ በቲንና በኪራይ ውሉ ላይ በፊደሉ ሳይቀር አንድ ይሁን። አንዱ ላይ «ጽጌ» ሌላው ላይ «ፅጌ» ተብሎ መመለስ ያለ ነው። ውሉ ከመፈረሙ በፊት መታወቂያውን አጠገቡ አድርገው ቃል በቃል ያመሳክሩ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ሱቁን ለእኔ ትቶልኝ ነው። ፈቃዱ በእሱ ስም ነው። እሱ የተስማማበት ከሆነ በዚያው ፈቃድ መሥራት እችላለሁ?

መልስ፦ በራስዎ ስም አይችሉም። የንግድ ሥራ ፈቃድ ለወንድምም ቢሆን አይተላለፍም፣ አይከራይም። ሁለት መንገድ አለዎት።

አንደኛው የእሱ ወኪል ሆኖ መሥራት ነው። ነጋዴውም ግብር ከፋዩም እሱ ሆኖ ይቀጥላል፤ ዕዳ ቢመጣ የሚመጣው በእሱ ስም ነው፤ ይህን ሁለታችሁም ዐውቃችሁ ግቡበት። ውክልናውን እዚያ ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይሰጣል፤ ሰነዱ እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከዚያም በሰነዶች ማረጋገጫ ይረጋገጣል። «ጠቅላላ ውክልና ሰጥቻለሁ» ብሎ መተማመን ግን ብዙዎችን ጎድቷል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና ከአስተዳደር ሥራ አያልፍም። ስለዚህ ፈቃድ ማደስና መመለስ፣ ግብር ማስታወቅና መክፈል፣ የኪራይ ውል መፈራረም፣ የባንክ ሒሳብ ማንቀሳቀስ፣ የሱቁን ዕቃና መሣሪያ መሸጥ የሚሉት በየስማቸው ይጻፉ። አንዷ ከተረሳች ሰነዱ እንደገና አሜሪካ ደርሶ ሊመለስ ነው።

ሁለተኛው፣ ሱቁ የእርስዎ እንዲሆን በእርግጥ ከተስማማችሁ እኛ የምንመክረው ነው፤ እሱ በወኪል የግብር ክሊራንስ (የግብር ዕዳ እንደሌለበት የሚያሳይ ማረጋገጫ) አውጥቶ ፈቃዱን ይመልስ፣ እርስዎም በራስዎ ቲን አዲስ ያውጡ። ሱቁን ዘግቶ ፈቃዱን አለመመለስ ግን ግዴታን አያቆምም፤ ገቢ ባይኖርም «ሥራ አልሠራሁም» ብሎ ማስታወቅ ይጠበቃል። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ካለውም በግብር ጽሕፈት ቤቱ ሳይሰረዝ ዝም ብሎ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥ።

ጥያቄ፦ የልብስ ስፌት ፈቃዴን ሳላድስ ጥር ገባ። ተሰርዟል ማለት ነው?

መልስ፦ አልተሰረዘም። ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለ ቅጣት፣ ከጥር 1 እስከ ሰኔ 30 በቅጣት ይታደሳል። ቅጣቱ በወሩ ስለሚጨምር ዛሬ ነገ አይበሉ። ያለ ግብር ክሊራንስ እድሳት የለምና መጀመሪያ ግብር ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። ሰኔ 30 ካለፈ ፈቃዱ ይሰረዛል። ዓመታዊ ሽያጭዎ 2 ሚሊዮን ብር ከደረሰ ደግሞ ለተጨማሪ እሴት ታክስ መመዝገብ ግዴታ ነው፤ ይህንንም እዚያው አንድ ላይ ይጨርሱት።