ወንበሩ በአይሱዙ ሄደ፣ አድራሻው ቀረ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ሁሉ ዕቃ የጫኑ ይመስላሉ። ሰፈሩ ፈርሶበት ቢሮውን ወደ ዳር ያወጣ አለ፤ የመሀል ከተማ ኪራይ አንገፍግፎት ጀሞ የወረደ አለ፤ ቱሉ ዲምቱ ሼድ ተከራይቶ ጠረጴዛውን እዚያው ማሽኑ አጠገብ ያስቀመጠም አለ። ሁሉም የሚጠይቀው ስለ ድርጅት አድራሻ ለውጥ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ምርቃቱንም ወቀሳውንም አስቀርቼ።

ከባለቤቷ ጋር ሆና ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ያቋቋመች እህት ከጀሞ፦ ቢሮአቸው ቂርቆስ ነበር፣ አሁን ጀሞ አንድ ገብተዋል። «አባላቱ ባልና ሚስት ነን፤ ስብሰባ ምን ያደርግልናል? ንግድ ቢሮ ሄጄ ብነግራቸው አይበቃም?» ትላለች።

አይበቃም። እራት ላይ መስማማታችሁን እኔ አምንሻለሁ፤ መዝጋቢው የሚያምነው ግን ቃለ ጉባኤ ነው። የማህበሩ ዋና መሥሪያ ቤት የት እንደሆነ የተጻፈው በመመሥረቻ ጽሑፋችሁ ውስጥ ነው። ስለዚህ አድራሻ ስትቀይሩ መመሥረቻ ጽሑፉን እያሻሻላችሁ ነው። መጀመሪያ ያንን ሰነድ ከመሳቢያ አውጪና ስለ ማሻሻያ የሚናገረውን አንቀጽ አንብቢ፤ ስንት ድምፅ እንደሚጠይቅ እዚያው ታገኚዋለሽ። ከዚያ ቃለ ጉባኤ ያዙ፦ ቀኑ፣ የተገኙት አባላት፣ የእያንዳንዳቸው ድርሻ፣ የትኛው አንቀጽ ከምን ወደ ምን እንደተለወጠ። አዲሱ አድራሻ ክፍለ ከተማው፣ ወረዳውና የቤት ቁጥሩ ሳይቀር ይጻፍ። መስኮት ላይ ቆማችሁ «የቤት ቁጥሩ ስንት ነበር?» እየተባባላችሁ እንዳትጣሉ።

ቃለ ጉባኤው ሰነዶች ማረጋገጫ፣ እኛ ዛሬም ውልና ማስረጃ የምንለው ቤት ሄዶ ይረጋገጣል። ሁለታችሁም በአካል ቅረቡ፤ ካልሆነ ይህንኑ ሥራ በስም የሚጠቅስ ውክልና ይኑራችሁ። «ጉዳዬን ሁሉ ይፈጽምልኝ» የሚል ደረቅ ውክልና ይዛችሁ ብትሄዱ ልትመለሱ ትችላላችሁ። ከዚያ የኪራይ ውሉን ወይም የቤቱን ካርታ አያይዛችሁ የንግድ ምዝገባ ማሻሻያ ትጠይቃላችሁ፤ ማመልከቻው ዛሬ በኢንተርኔት፣ ኢትሬድ በሚባለው የንግድ ምዝገባ አገልግሎት በኩል ይገባል። ብዙ ሰው የሚረሳው ቀጥሎ ያለውን ነው። የምዝገባ ምስክር ወረቀቱ ሌላ፣ የንግድ ፈቃዱ ሌላ ነው፤ አንዱ ተስተካክሎ ሌላው የድሮውን ሰፈር እየጠራ እንዳይቀር። ግብር ሰብሳቢው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ለውጡ በሆነ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ሊያውቅ ይገባል። ንግድ ቢሮ ስለተነገረው ገቢዎችም ሰምቷል ብላችሁ አትቀመጡ። ባንኩንና ኢንሹራንሱን ለእናንተ ትቻለሁ።

አንድ አንባቢ፦ የፖስታ ሣጥን ቁጥርን እንደ ዋና መሥሪያ ቤት አድራሻ ማስመዝገብ ይቻላል?

አይቻልም። ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ ሥራ አስኪያጅ የለም።

የእንጨት ሥራ ድርጅት ያላቸው አባት ከአያት፦ «አሥር ዓመት ሙሉ ካለንበት አልተነቃነቅንም። ፈቃዳችን የካ ክፍለ ከተማ ይላል፤ አሁን በሄድንበት ሁሉ ለሚ ኩራ ናችሁ ይሉናል። እኛ የት ሄድን?»

እርስዎ የትም አልሄዱም፤ ክፍለ ከተማው ነው የመጣብዎት። ለሚ ኩራ በ2013 ከየካና ከቦሌ ተቆርሶ አሥራ አንደኛ ክፍለ ከተማ ሲሆን፣ አያትና አካባቢው ባለበት ሆኖ ክፍለ ከተማው ተለወጠ። የእርስዎ ሁኔታ ከእውነተኛ የአድራሻ ለውጥ ይቀላል፤ ያም ሆኖ ወረቀቱ ሳይስተካከል መቅረት የለበትም። ቦታው ያው ቦታ መሆኑን፣ የተለወጠው ክፍለ ከተማውና የወረዳው ቁጥር ብቻ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከወረዳዎ ያጽፉ። ያንን ይዘው ምዝገባውን፣ ፈቃዱንና የግብር መዝገቡን ያስተካክሉ። ካላስተካከሉት ጨረታ በገቡ ቁጥር «ሰነዶቹ አይመሳሰሉም» የሚል ሰው ያጋጥምዎታል፤ ያ ሰው ደግሞ አይሳሳትም።

የቤት ቁጥሩ ነገር ግን እኔንም አድክሞኛል። እኔም በዚያው አቅጣጫ ነው የምኖረው፤ አንድ ጊዜ አንድ መስኮት ላይ ቆሜ የሆነውን ላጫውትዎ።

«የቤት ቁጥር?»
«አዲስ።»
«አዲሱን ነው የጠየቅኩዎት፤ ስንት ነው?»
«ቁጥሩ ራሱ አዲስ ነው የሚለው።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከኋላዬ የተሰለፈ ሁሉ ሳቀ። ቁጥር ያልተሰጠው ቤት ሁሉ «አዲስ» ከሆነ፣ ከከተማው ዳር ያለነው ሁላችንም በአንድ ቤት ውስጥ ነን ማለት ነው። የእርስዎም «አዲስ» የሚል ከሆነ ከወረዳዎ በሚያጽፉት ደብዳቤ ላይ ብሎኩን፣ የሕንፃውን ስም ወይም በግልጽ የሚታወቅ ምልክት ይጨምሩበት። ሕጉ ባያስገድድዎትም መጥሪያ ይዞ የሚዞረው ሰው ይመርቅዎታል። ለዚህ ጠበቃ አያስፈልግዎትም፤ ጫማ እንጂ።

የካርቶን አምራች ከቱሉ ዲምቱ፦ ቢሮአቸው ቦሌ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ሁሉን ነገር ጠቅልለው ወደ ማምረቻቸው ወረዱ፤ አድራሻውን «በኋላ እናስተካክለዋለን» ብለው ተዉት። ወረቀት ያቀርብላቸው የነበረ ነጋዴ ከስሶ አስፈረደባቸው። የሰሙት ባለፈው ሳምንት ነው፤ ባንክ ሄደው ሂሳባችሁ ታግዷል ሲባሉ። «ሳያገኘኝ እንዴት ይፈርድብኛል?» ይላሉ።

ይህን አንብበው ሳይጨርሱ ጠበቃ ይያዙ። ሌላው ላይ «ባለሙያ ያማክሩ» የምለው ለወጉ ሊሆን ይችላል፤ እርስዎን ግን እየለመንኩዎት ነው፣ ዛሬውኑ። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 78 መሠረት በሌለበት የተፈረደበት ሰው ፍርዱ እንዲነሳለት የሚያመለክተው መፈረዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ ነው። እርስዎ ያወቁት ባንኩ የነገረዎት ቀን ነው፤ ወሩ መቁጠር ጀምሯል። ከባንኩ ሥራ አስኪያጅ ጋር መከራከሩን ይተዉት፤ እሱ የታዘዘውን ነው የፈጸመው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ሳያገኝዎት አልፈረደም፤ አገኘሁዎት ብሎ ነው የፈረደው። ሰው ቢሆን ዕድር አለው፣ ጎረቤት አለው፣ ለቅሶ ቤት ይታያል፤ ቤት ቢቀይር ባለሱቁ «ወደ ቱሉ ዲምቱ ሄደዋል» ብሎ ይጠቁማል። ድርጅት እንዲህ የለውም። የሚገኘው መዝገብ ላይ በተጻፈው ቦታ ብቻ ነው። እርስዎ ወንበሩን፣ ፋይሉን፣ የቡና ረከቦቱን ሳይቀር አይሱዙ ላይ ሲጭኑ አድራሻውን አልጫኑትም፤ በሕግ ዓይን ድርጅትዎ እስከ ዛሬ ቦሌ ተቀምጧል። ከሳሽ መዝገቡን አየ፣ ፍርድ ቤቱ መጥሪያውን ወደዚያው ላከ፣ በሩ ላይ የሚመልስ ጠፋ።

ይህን ስጽፍ እየገሰጽኩዎት እንዳይመስልዎ፤ እኔም ቀምሼዋለሁ። ከዘመዴ ጋር አንዲት ትንሽ ድርጅት ነበረችን፤ ከአንድ ሕንፃ ለቀን ስንወጣ አድራሻ ማስተካከሉን ከሳምንት ወደ ሳምንት አሳደርነው። የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ ወደ ድሮው ሕንፃ መጣ። የሕንፃው ጥበቃ፣ እግዜር ይስጠው፣ ፖስታውን አልጣለውም። ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልሎ ቆጣሪው ሣጥን ውስጥ አኖረው። በፋሲካ ሰሞን በዚያ ሳልፍ እየሮጠ ደረሰብኝና «ጋሼ፣ አንድ ቀን ይመጣሉ ብዬ አስቀምጬልዎታለሁ» አለኝ፤ ፊቱ በርቶ። ቅሬታ የሚቀርበው ማስታወቂያው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው። ፖስታው ግን ሣጥኑ ውስጥ እየሞቀው ሦስት ወር ተቀምጦ ነበር። ለሰውዬው የበዓል ሰጥቼው አመስግኜ ሄድኩ፤ ምን ልለው? ጥፋቱ የኔ ነበር።

ጠበቃዎ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። እርስዎ «መጥሪያ አልደረሰኝም» ሲሉ፣ ከሳሽ «አንተው ባስመዘገብከው አድራሻ ልኬአለሁ» ይላል። ቁጥር 78 መጥሪያው በአግባቡ አለመድረሱን ወይም ላለመቅረብ በቂ ምክንያት መኖሩን እንዲያሳዩ ይጠይቃል፤ የራስ ቸልተኝነት ደግሞ በቂ ምክንያት ነው ብሎ ዳኛ ማሳመን ከባድ ነው። ስለዚህ ጠበቃው ጋ ባዶ እጅዎን አይሂዱ። የቱሉ ዲምቱውን የኪራይ ውል፣ የመብራት ደረሰኝ፣ ከዚያ ሆነው ያስታወቁትን ግብር ይሰብስቡ። ከሁሉም በላይ ግን ይህን ይፈልጉ፦ ሰውዬው ወረቀቱን የሚያራግፈው የት ነበር? የርክክብ ሰነዱ ላይ «ቱሉ ዲምቱ» ብሎ የራሱ ሾፌር ፈርሞበት ከሆነ፣ የት እንዳሉ እያወቀ ወደ ባዶ ቢሮ አስላከ ማለት ነው። ያቺ ብጣሽ ወረቀት ከእርስዎ መሐላ ትበልጣለች። እንዴት እንደምትቀርብ ጠበቃው ያውቃል።

አድራሻውንም በዚሁ ሳምንት ያስቀይሩ። ቀጣዩ መጥሪያም ቦሌ እንዳይሄድ።

የምግብ ዘይት አከፋፋይ፦ ቢሮ ሲኤምሲ፣ አዲስ የሠሩት መጋዘን ለገጣፎ። «በታክሲ የአንድ እርምጃ መንገድ ነው፤ ዋናውን መሥሪያ ቤት ወደዚያ ባዞረውስ?»

ለእግር ቅርብ ነው፣ ለፋይል ሩቅ። ለገጣፎ በ2015 በተመሠረተው ሸገር ከተማ ውስጥ ነው፤ ሸገር ደግሞ የኦሮሚያ ክልል ነው። ዋና መሥሪያ ቤትዎ ያንን ድንበር ሲሻገር መዝጋቢውም ግብር ሰብሳቢውም ይለወጣል። እዚህ ያለብዎትን ግብር አጣርተው ክሊራንስ፣ ማለትም ዕዳ የለበትም የሚል ማረጋገጫ ማውጣት፣ ፋይልዎ ተዘዋውሮ እስኪገኝ መከታተል፣ እዚያ ደግሞ እንደ አዲስ መታወቅ አለብዎት። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ የቃለ ጉባኤውን ትርጉም ቀድመው ቢያዘጋጁ ምልልስ ይቀንስልዎታል።

እኔ የምጠይቅዎት ሌላ ነው፦ ለምን ያዞሩታል? የሄደው ዕቃው ከሆነ፣ ውሳኔ የሚሰጠውና ሒሳብ የሚያዘው ሲኤምሲ ከሆነ፣ ለገጣፎን ቅርንጫፍ አድርገው ያስመዝግቡ። መመሥረቻ ጽሑፍዎ ላይ ዋና መሥሪያ ቤቱ ባለበት ይቆያል። ሁሉም ሰው ሄዶ ሲኤምሲ የቀረው ታፔላ ብቻ ከሆነ ግን ዋናው ይሻገር። የሒሳብ ሠራተኛዎን ያማክሩ፤ ከእኔ ይልቅ እሱ ነው ሌሊት የሚያድርበት።

ወጣት ተከራይ ከዓለም ባንክ፦ የቢሮዬን የኪራይ ውል ለማስመዝገብ አከራዩ ውልና ማስረጃ አልሄድም አለ፤ ካልሆነም ውሉ ላይ ከምከፍለው ግማሹን ብቻ እንጻፍ ይላል። አዲሱ የኪራይ አዋጅ አያስገድደውም ወይ?

የምትጠቅሰው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ነው፤ ቢሮህን አይመለከትም። የግማሽ ዋጋውን ነገር ግን ተወው። ነገ ብትጣሉ ዳኛ የሚያነበው ማህተም ያለውን ነው፤ ወጪህንም ብታሳይ የሚታይልህ እዚያ የተጻፈው ብቻ ነው። ግብሩ የሱ፣ ጣጣው ያንተ ይሆናል። የማይመዘገብ ውል የሚሰጥህ ሰው የሚመዘገብ አድራሻ ሊሰጥህ አይችልም። ሌላ ቤት ፈልግ፤ ዓለም ባንክ ቤት አልጠፋም።

ባለ ሱፐርማርኬት፦ አድራሻው እስኪቀየር የካሽ ሬጅስተር ማሽኑን ወደ አዲሱ ቤት ይዤ ልግባ?

እንዳትነኪው። ማሽኑ ከተመዘገበበት ቦታ ከመነሳቱ በፊት ለግብር ቅርንጫፍሽና ለማሽኑ አገልግሎት ሰጪ በጽሑፍ አሳውቂ፤ ደረሰኙ ላይ የሚታተመው አድራሻም አብሮ ይቀየር። መደርደሪያውን እስከዚያው ብታስገቢ ማንም አይቆጣሽም።

ሌላ አንባቢ፦ ማህተሙን እንደገና ማስቀረጽ አለብኝ?

አድራሻ ካለበት አዎ፣ ከሌለበት አይ። የድሮውን ግን ለጥበቃው አደራ ብለህ እንዳትተው።